መረቡ ምን ያሳልፋል?

ሎዥባን በሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ኮምፒውተር «ስካሚ» ነው። ቃሉን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ስትፈልጉት ግን የምታገኙት የዕቃ ስም አይደለም። ሁለት ክፍት ቦታ ያለው፣ ገና ያልተሞላ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይህ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውል ኮምፒውተር ነው»። አንደኛውን ቦታ ማሽኑ ይይዛል፣ ሁለተኛውን የቆመለት ጉዳይ። ጉዳዩን መናገር ካልፈለጋችሁ ቦታውን ባዶ መተው ትችላላችሁ፤ ቦታው ግን አይጠፋም፣ ባዶነቱም ይታወቃል። እኔ በማስተምርበት ክፍል ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የሚነካው የለም፣ የሚጥለውም የለም። ሁለተኛው ቦታው ባዶ የሆነ ስካሚ ማለት እሱ ነው።

የማስተምረው ሐዋሳ ነው፤ ጎልማሶችን፣ ማታ ማታ። ኮርሱ «መሠረታዊ ኮምፒውተር» ይባላል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃቸውን ጨርሰው የሚመጡ ልጆች አሉ፣ ሱቅ ያላቸው አሉ፣ ጡረታ ወጥተው «የልጅ ልጆቼ ሳቁብኝ» ብለው የተመዘገቡ አሉ። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚነጋገሩት በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ ነው። ክፍል ውስጥ የምንግባባው በአማርኛ ነው፣ አማርኛው ደግሞ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። «ፋይሉን ሴቭ አድርጉና ፍላሹ ላይ ኮፒ አድርጉት» ስል ከአፌ ከወጣው ውስጥ የእኔ የሆነው ግስ «አደረገ» ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የሚሸከመው ያ ምስኪን ግስ ነው።

ሎዥባን ዘንድ የወሰደኝ ለተማሪዎቼ የማባዛው ማስታወሻ ነው። እያንዳንዱን ነገር በአማርኛ ምን ልበለው እያልኩ ሳሰላስል፣ ቃል የሌላቸው ሌሎች ቋንቋዎች ምን ያደርጋሉ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ከሁሉ አፌን አስይዞ ያቆየኝ የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ሕዝብ የሌለው ይኸኛው ሆነ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጄምስ ኩክ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 ሎግላን የሚል ቋንቋ መሥራት ጀመረ። ሰው የሚያስበው በሚናገረው ቋንቋ ልክ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ በሙከራ ሊፈትን ፈልጎ ነው፤ በሥነ አመክንዮ ላይ የቆመ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ የማይተነተንበት ቋንቋ። በ1960 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ስለ ሥራው ጻፈ፣ ሰውም መሰብሰብ ጀመረ። በኋላ «ቋንቋው የማን ነው» በሚል ጠብ ተነሣና በ1987 የተለዩት ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ቃላቱን እንደገና ከሥር ሠሩ። ሎዥባን የተወለደው ያኔ ነው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1992 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ሎግላን» የቋንቋው መጠሪያ እንጂ የአንድ ድርጅት የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ብሎ ወሰነ። ቃልን በግል ይዞታ ማስመዝገብ እንደማይቻል በዳኛ ያስወሰኑ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ቋንቋው ከ1,300 በላይ ሥር ቃላት አሉት። ሁሉም አምስት አምስት ፊደል ናቸው፣ ሁሉም በአናባቢ ይጨርሳሉ። አብዛኞቹ ከቻይንኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሂንዲ፣ ከስፓኒሽ፣ ከሩሲያኛና ከዓረብኛ ድምፅ እየተወሰደ፣ እንደየቋንቋው ተናጋሪ ብዛት እየተመዘነ በኮምፒውተር የተቀመሙ ናቸው። የሚገርመው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰዋስውን ኮምፒውተር ያለ ስሕተት እንዲተነትነው ተብሎ የተነደፈ ቋንቋ፣ ኢንተርኔት ሲመጣ የሚጠራበት ቃል አልነበረውም። ሥር ቃላቱ የተሠሩት ድሩ ዓለምን ሳያዳርስ ነው። ስካሚ ነበረ፤ «ቪድኒ» የሚል ለስክሪን፣ «ፎንኻ» የሚል ለስልክ ነበረ። ከዚያ ያለፈውን ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ተቀምጠው መምረጥ ነበረባቸው። ልክ እንደ እኛ፤ ልዩነቱ እነሱ ሲመርጡ የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው።

ኢሜይልን እንውሰድ። ከድሮም «ምሪሉ» የሚል ሥር አላቸው፤ ደብዳቤ በፖስታ መላክ ነው። አምስት ቦታ አለው፦ የሚልከው፣ የሚላከው ነገር፣ የሚደርስበት አድራሻ፣ የተነሣበት አድራሻ፣ የሚያደርሰው አገልግሎት። የተጻፈው ለወረቀት ፖስታ ነው። ከፊቱ የስካሚን አጭር ቅርጽ «ሳም»ን ጨምረው «ሳመምሪ» አሉት፤ አለቀ። ከአምስቱ ቦታዎች አንዱም መነካት አላስፈለገውም። ኢሜይል ስትከፍቱ ከፊታችሁ የሚመጣው ቅጽ ራሱ እኮ እነዚያን ቦታዎች ነው ሙሉ የሚላችሁ፦ ከማን፣ ለማን፣ ምን።

ይህን ሳነብ አእምሮዬ የሄደው ወደ ሎዥባን ሳይሆን ወደ «ላከ» ነው። ከአንድ ግስ ላኪ ይወጣል፣ መላኪያ ይወጣል፣ መልእክት ይወጣል፣ መልእክተኛ ይወጣል፤ አላላኩም ይጠየቃል፣ ሰዎቹም ይላላካሉ። እነሱ በቁጥር ደርድረው የሚያስቀምጡትን ቦታ የእኛ ቋንቋ በቃሉ ቅርጽ ውስጥ ይዞት ይዞራል። «ኢሜይል» የሚለው ስም ግን መካን ነው። ኢሜይል አድራጊ፣ ኢሜይል ተደራጊ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ወደፊትም እንዳልሰማ።

ማስታወሻዬን የምጽፍበት አቋም የተስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃው በመጣበት ስም ቢጠራ ግድ የለኝም፤ ኮምፒውተር፣ ፍላሽ፣ ኢሜይል፣ ዋይፋይ። መኪናም ከጣሊያንኛ መጥቶ አማርኛ ሆኗል፤ ስልክም ከዓረብኛው ሽቦ መጥቶ ዛሬ ሽቦ የሌለው ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ እየተባለ ይኖራል። የሚያሳስበኝ ግሱ ነው። በዕቃው የምናደርገውን ነገር በራሳችን ግስ ካልተናገርነው ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ መናገር ያቅተናል። ለኮምፒውተር «አስሊ» የሚል ቃል ቀርቦ ነበር። ውብ ቃል ነው፣ ሥሩም ንጹሕ ነው፤ ግን በስካሚ ዓይን ስታዩት ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። ሁለተኛውን ቦታ አስቀድሞ በስሌት ሞልቶ ዘግቶታል። የእኔ ተማሪዎች ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ፊልም ያያሉ፣ ለዘመድ ፎቶ ይልካሉ። ለማስላት የሚቀመጠው ከስንት አንዱ ነው።

ሎዥባኖች አንድ የምወዳት የስድብ ቃል አለቻቸው፦ «ማልግሊሾ»። «ግሊሾ» እንግሊዝኛ ነው፣ «ማል» ከ«ማብላ» የመጣ የማንኳሰሻ ቅጥያ ነው። (ማብላ የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የግብዣ መሰናዶ መምሰሉ የእነሱ ጥፋት አይደለም።) የእንግሊዝኛን አባባል ሳያስቡ ቃል በቃል ያዛወረ ሰው ማልግሊሾ ተናገርክ ይባላል። ለኢንተርኔት ቃል ሲፈለግ ጥሩ ወጥመድ የሚሆነው «ዡልኔ» ነው። ዡልኔ መረብ ማለት ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛውን ተከትሎ እሱን መውሰድ የሚያጓጓ ነው። ግን ቦታዎቹን ቁጠሩ፦ መረቡ፣ የሚያሳልፈው ነገር፣ የሚያስቀረው ነገር፣ የመረቡ ጠባይ። ዡልኔ የማጥለያ ቃል ነው። ኢንተርኔትን ዡልኔ ያለ ሰው ሳያውቀው ወንፊት ብሎታል።

እኛስ? «በይነመረብ» አልነው። ይህን ቃል ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ዕለት፣ ለረጅም ዘመን የዓሣ አስጋሪዎችን ሒሳብ ሲይዙ የኖሩ አንድ ተማሪዬ እጃቸውን አነሡ።

«መምህር፣ እኛ እዚህ ውስጥ አስጋሪው ነን ወይስ ዓሣው?»

«ሁላችንም ውስጡ ነን ጋሼ፤ እርስ በርስ የሚያገናኘን ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያማ ዓሣ ነን በለኛ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጋሼ ግን ለቀልድ ብቻ አልጠየቁም። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ መረብ ሲጠገን ያየ ሰው መረብ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ትንሹ ቆሮሶ እንዲያልፍ ትልቁ እንዲቀር ቀዳዳው ይለካል፣ ጠባብ ቀዳዳ ጫጩቱን ሁሉ ስለሚጠርግ ያጣላል። ምን ያልፋል፣ ምን ይቀራል፣ መረቡ ምን ዓይነት ነው። የዡልኔ ቦታዎች በሙሉ ሐይቁ ዳር አሉ። ለኔትወርክ የሚስማማው የሎዥባን ሥር «ሺስቴ» ነው፤ በአንድ አወቃቀር የተሳሰሩ ክፍሎች ያሉት ሥርዓት። ሺስቴን ስሰማ ሲስተም መሰለኝ፤ ሲስተም ደግሞ በእኛ አገር የራሱ ኑሮ አለው። ባንክ ቤት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ማን አለ? ማሽኑ አለ፣ ሠራተኛዋ አለች፣ ብሩ አለ፤ የሚያያይዛቸው ነው የሌለው። ትርጉሙን ሎዥባኖችም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አይጽፉትም።

በይነመረብን ለማጣጣል አይደለም። ጋዜጣና ደብዳቤ ላይ ስለሚያገኙት ተማሪዎቼ እንዲያነቡት አስተምራለሁ፤ እንዲናገሩት አላስገድድም። «ኔትወርክ የለም» የሚለው ሰው የሚፈልገውን በትክክል ተናግሯል።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ከጉዳዩ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ካልነገርኳችሁ አያስችለኝም። ሳመምሪ መሐል ያለችው «መ» ላይ የምትሰማው አናባቢ ሙጫ ናት። «ሳም» እና «ምሪ» ሲጋጠሙ ሁለት «ም» ፊት ለፊት ስለሚላተሙ፣ ቋንቋው ደግሞ ያንን ስለማይፈቅድ፣ መሐላቸው አጭር አናባቢ ይገባል። አሁን «ድር» እና «ገጽ» የሚሉትን አጋጥሙ፦ ድረ ገጽ። መካን ሲደመር ድር፦ መካነ ድር። የእኛዋ አናባቢ ከግዕዝ የመጣች የዘርፍ ምልክት ናት፣ የእነሱዋ የድምፅ መከላከያ ናት፤ ሥራቸው አንድ አይደለም። ግን ሁለቱም አዲስ ነገር ሲመጣ ሁለት አሮጌ ቃላት የሚሰፉባት ክር ሆነው መገኘታቸው ደስ ይለኛል። እዚያው መዝገብ ላይ ደግሞ «ሳምሹ» የሚል ቃል አየሁና በፊደሉ ምክንያት የኮምፒውተር ዘመድ መሰለኝ። ካሳቫ ነው። ካሳቫም፣ ጎደሬም፣ ቦዬም፤ ሦስቱም ሳምሹ ናቸው! ሁለትዮሽ ትርጉምን ለማጥፋት የተሠራ ቋንቋ ይዞ ሐዋሳ ገበያ የወጣ ሰው ለእራት ምን ይዞ እንደሚመለስ እንጃ።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። በቁልፍ ሰሌዳ ላይ የገጠመኝ ነገር ከጠበቅሁት የተገላቢጦሽ ነው። «የቁልፍ ሰሌዳ» ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የመጣ መሆኑ ፊቱ ላይ ይነበባል። ሎዥባን ላይ ይህን ብታደርጉ ማልግሊሾ ነው፤ «ሽኪኩ» የተባለው ቁልፋቸው ጓጉንቸር የሚከፍት ብረት ብቻ ነው፣ የቦታ ድርድሩም የሚከፍተውን መቆለፊያ ይጠይቃል። በአማርኛ ግን ቁልፍ የበርም ነው፣ የሸሚዝም ነው። ሸሚዝ ላይ ተደርድሮ የሚቆለፈው ትንሽ ክብ ነገር ቁልፍ ከተባለ፣ ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ የሚጫኑት ለምን አይባልም? የተቀዳ ቃል ነበር፤ እዚህ ሲደርስ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። ቃል በቃል የመጣ ሁሉ ጥፋት ነው የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ይህችን ቃል አስታውሳለሁ።

ለነገሩ ሎዥባኖች የቁልፍ ሰሌዳን የጠሩበት መንገድ ለአማርኛ ጸሐፊ ከእንግሊዝኛው ይቀርባል። «ሌርሹሃሻሃ» ይላሉ፤ ፊደል፣ መምረጥና መሣሪያ ከሚሉ ሦስት ሥሮች የተሰፋ፣ ፊደል መምረጫ መሣሪያ። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ፊደል ይመታል እንጂ አይመርጥም። ስልክ ላይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን በእርግጥም ይመርጣል። «ለ»ን ነክታችሁ ከተዘረጋው ሰባት ውስጥ «ሎ»ን ታነሣላችሁ። ልጅ ሆነን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በእንጨት እየጠቆምን ያነበብነው የፊደል ገበታ ኪስ ውስጥ ገብቶ ማለት ነው። ተማሪዎቼን «የፊደል ገበታው የት አለ?» ስላቸው ማንም ሳይነግራቸው ጣታቸው ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል።

«የይለፍ ቃል» ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ከሁሉም የተዋጣልን እሱ ነው። ሎዥባን «ዣስፑ» የሚል ሥር አለው፤ አንድ ባለሥልጣን ለአንድ ሰው የሚሰጠው፣ አንድን ነገር የሚፈቅድ ማለፊያ ወረቀት። ከ«ቫልሲ»፣ ማለትም ከቃል ጋር ሲሰፋ «ዣፐቭላ» ይሆናል። ይለፍና ቃል። ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀት የተጠየቀ ትውልድ ይህን ቃል ማብራራት አያስፈልገውም። ማን ሰጠ፣ ለማን ተሰጠ፣ ወዴት ያሳልፋል፤ ሦስቱንም ያውቃቸዋል። ለሌላ ሰው ማዋስ ለምን ወንጀል እንደሆነም እንዲሁ።

አሁን ከሁሉ ያከራከረን ቦታ ላይ ደረስን፤ ማውረድና መስቀል። ሎዥባን ውስጥ ከመጀመሪያው ዝርዝር በኋላ የመጣ «ኪብሮ» የሚል የሙከራ ሥር አለ፤ ኢንተርኔት የሚባለውን ዓለም ይመለከታል። ከእሱ ሁለት ግስ ተሰፋ። «ኪበሽፓ» ከኢንተርኔት መውሰድ ነው፣ «ኪብዱሃ» ለኢንተርኔት መስጠት ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ከፍታው እንግሊዝኛው ውስጥ ያለ ምስል እንጂ ነገሩ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ጣሉት። በአመክንዮ ካየነው ልክ ናቸው። አንዳንድ መተግበሪያ ላይ የማየው «ስቀል» የሚለው ትእዛዝ የሚጎረብጠኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቪዲዮውን የት ነው የምሰቅለው? በሰሙነ ሕማማት «ስቀለው፣ ስቀለው» ሲነበብ የሰማ ጆሮ ከዚህ ግስ ጋር በቀላሉ አይታረቅም።

ግን «አውርድ» የሚለውን አብሬ ልጥለው ስል መናኸሪያው ከለከለኝ። እዚያ አካባቢ «ፊልም እንጭናለን፣ ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል የተለጠፈበት ሱቅ ሞልቷል። ሰው ስልኩን ወይም ፍላሹን ይሰጣል፣ ዘፈን ያስጭናል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ይህን ቃል ያመጣ የቃላት ኮሚቴ የለም። ከሱቁ ፊት ለፊት ደግሞ ጫኝና አውራጅ ቆሟል። ጫነ እና አወረደ በአማርኛ ከድሮም ጥንድ ናቸው፤ በአጋሰስ ጊዜ የነበሩ ናቸው፣ ኋላ አይሱዙ ሲመጣ አብረውት ቀጠሉ። አወረደ እዚህ ከሰማይ ማውረድ አይደለም። ከመኪናው ላይ አንሥቶ ባለቤቱ እጅ ማድረስ ነው። ጭነት አለ፣ ባለ ጭነት አለ፣ የተጫነበት አለ፣ የሚራገፍበት አለ፣ ጫኙ አለ፣ ዋጋውም አለ። የሎዥባን ሰው ቢያየው ቦታዎቹን መቁጠር ይጀምራል።

የሱቁ ልጅ «ከዩቲዩብ አውርጄ ስልክህ ላይ ጫንኩልህ» ሲል የሚለው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ከአንዱ ላይ ተራገፈ፣ ሌላው ላይ ተጫነ። ግራ የሚገባው «ላይ» የሚለው ሲቀር ነው። «ቪዲዮውን ጫን» ብቻ ቢባል፣ ስልኩ ላይ ነው ወይስ ዩቲዩብ ላይ? ከዚህም በላይ «ተጫን» ሲሆን ጣትን ማሳረፍ ይሆናል። ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ ጫንን ያለ «ላይ»፣ አውርድን ያለ «ከ» ላለመጻፍ ወሰንኩ። ሎዥባን የሰጠኝ ቃል አይደለም፤ ክፍት ቦታውን ሳይሞሉ ላለማለፍ ያለውን እልህ ነው። መስጠትና መውሰድ የሚሉት የእነሱ ቃላት ንጹሕ ናቸው፤ እኔ ግን የጫኝና አውራጁ ይሻለኛል። ላብ ያለበት ቃል ሰው አይረሳውም።

የሎዥባን ተናጋሪ ጥቂት ነው። አንድ ሰው ቃል ሰፍቶ መዝገቡ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌሎቹ ድምፅ ይሰጡበታል፣ ይከራከሩበታል፣ አንዳንዱን ቃል ከሠሪው በቀር ተጠቅሞበት የማያውቅ ይመስለኛል። የሚያስቀና ነገሩ ምርጫው በግልጽ መደረጉ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ የሱቅ ልጅ የሌለው ቋንቋ መሆኑ። የውጭ ቃል ሳይሰፋ በቀጥታ የሚገባበትም ወግ አላቸው፤ ከፊቱ የዘሩን ስም ይለጥፉበታል። ስፓጌቲ «ሺድዥርስፓጌቲ» ነው፣ ምግብ የሆነው ስፓጌቲ። እኛም ሳናስበው እናደርገዋለን፦ የኮምፒውተር ቫይረስ፣ የሞባይል ካርድ። ስፓጌቲን ግን ማንነቱን ሳንጠይቅ ነው የበላነው።

ስልካችሁን ወደ አማርኛ ብትቀይሩት «እሺ» እና «ይቅር» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ታገኛላችሁ። እነዚህን የመረጠ ተርጓሚ ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር። «ሰርዝ» ማለት ይችል ነበር፤ የቢሮ ማኅተም ድምፅ አለው። «ይቅር» አለ። ሰው ለሰው የሚናገረውን።

የመጨረሻው ያላለቀ ሥራዬ ክላውድ ነው። «ደመና» እንዳይባል ዲልኑን መመልከት ይበቃል። ዲልኑ የሎዥባን ደመና ነው፤ ቦታዎቹ ደመናው የተሠራበት ነገር፣ የሚንሳፈፍበት አየርና ከመሬት ያለው ከፍታ ናቸው። ፎቶዬ ያለበት ቦታ ከፍታው ስንት ነው? ሐዋሳ ላይ ደመና ሲባል ደግሞ ሰው የሚያስበው ያሰጣውን ልብስ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ከስሙ ሳይሆን ከቦታዎቹ ጀመርን። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ የሚያስቀምጥ ሰው፣ የሚቀመጥ ነገር፣ የሚጠብቅ ሌላ ወገን፣ ሲፈለግ የመመለስ ግዴታ። ይህ በአማርኛ ምን ይባላል አልኳቸው።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትመጣው ልጅ ቀደመች። «አደራ ነዋ!»

አደራ። ሰጪው አለ፣ ተቀባዩ አለ፣ ዕቃው አለ፣ ግዴታውም ቃሉ ውስጥ አለ። ግዴታው ዲልኑም ውስጥ የለም፣ ክላውድም ውስጥ የለም። ከኋላ ያለ አንድ ባለሱቅ አልተዋጠለትም። «አደራ እኮ ለምታውቀው ሰው ነው የሚሰጠው። እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «ፎቶዬን ቢያጠፉት ወይ ለሌላ ሰው ቢሰጡብኝስ ምን ሊባሉ ነው ታዲያ?»

«አደራ በላ» አሉ ጋሼ፣ ከማስታወሻቸው ቀና ሳይሉ።

የባለሱቁን ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩለትም፤ የቃል ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ማስታወሻው ላይ «ክላውድ» እንዳለ ነው። ከጎኑ «አደራ ማስቀመጫ» ብዬ ጨምሬ አባዝቼዋለሁ፤ አዲሶቹ ተመዝጋቢዎች ሰኞ ይጀምራሉ፣ የትኛውን እንደሚያነሡ ያኔ እሰማለሁ።